ሐዲድ ዳር የቆመው ጎተራ
የካናዳ ስንዴ አምራቾች የኅብረት ሥራ ታሪክ ከትንንሽ ባቡሮች ጠረጴዛ ላይ ሲታይ

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የልጅነት ዕድሜያቸው ካለፈ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ትንንሽ ባቡር ይሠራሉ። ከእነዚህም መካከል ጡረተኛው፣ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ መካኒኩ፣ ገበሬውም ጭምር ይገኛሉ። ሥራው ከልጆች መጫወቻ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በብዙዎች ዘንድ የተለመደው መጠን ከእውነተኛው ባቡር 87 ጊዜ ያነሰ በመሆኑ፣ 12 ሜትር ርዝመት ያለው የጭነት ፉርጎ በጠረጴዛቸው ላይ 14 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ይቀርባል። ሐዲዱ፣ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ መንደሩና ማሳው ሁሉ በዚያው ልክ ተቀንሶ ይሠራል። የዚህ ሥራ ወዳጆች በአሜሪካ ሙያውን የሚመለከት መጽሔት በ1934 መታተም የጀመረላቸው ሲሆን፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ብሔራዊ ማኅበራቸውን አቋቁመዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ነገር ከገበሬዎች ኅብረት ሥራ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። የሚያገናኘው ጭነቱ ነው።

በመጀመሪያው ዘመን ትንሹ ባቡር በክብ ሐዲድ ላይ ሲዞር ማየት ብቻውን ደስታ ይሰጥ ነበር። እየዋለ እያደረ ግን ዝም ብሎ የሚዞር ባቡር ይሰለቻል። ፍራንክ ኤሊሰን የተባለ አሜሪካዊ የባቡር ሞዴል ሠሪ በ1940ዎቹ ባወጣቸው ጽሑፎች ይህን ሥራ ከቲያትር ጋር አነጻጸረው። ሐዲዱና አካባቢው መድረክ፣ ባቡሮቹ ተዋንያን ናቸው። ተዋናይ ወደ መድረክ የሚወጣው አንድ ጉዳይ ሊፈጽም ነው፤ ባቡርም ከጣቢያ የሚነሣው የሚያደርሰው ወይም የሚያመጣው ጭነት ሲኖር ነው። በዚህ አስተሳሰብ የሚመራ ሠሪ ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት ራሱን የሚጠይቀው «ባቡሩ እዚህ ቦታ ለምን ይቆማል?» ብሎ ነው።

መልሱ ሐዲድ ዳር የተተከለ ድርጅት ነው፤ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካ፣ የስኳር ፋብሪካ፣ የወተት ማቀነባበሪያ ወይም ሌላ። የካናዳንና የአሜሪካን ሰፋፊ የስንዴ ሜዳዎች የሚሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚመርጡት ግን የእህል ጎተራን ነው። ምክንያታቸው ለመረዳት አያስቸግርም። 24 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጎተራ በሞዴል 28 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ቦታ አይፈጅም፤ ከዋናው መስመር የተገነጠለ አንድ የጎን ሐዲድ ይበቃዋል። ባቡሩ ባዶ ፉርጎዎችን ትቶለት የሞሉትን ይዞ ይሄዳል። ወቅትም አለው። በመኸር ፉርጎ አይበቃም፤ በሌላው ጊዜ ደግሞ በጎን ሐዲዱ ላይ ሣር ይበቅላል። ቀለሙም ባለቤቱን ይናገራል፤ ብርቱካናማው የአንድ የግል ኩባንያ ነው፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው አረንጓዴ ደግሞ የአልበርታ ገበሬዎች ማኅበር ነበር።

ይህን ሁሉ አሳምሮ የሠራ ሰው፣ አስቦበትም ይሁን ሳያስብበት፣ ብዙ አሥርት ዓመታት የፈጀ የገበሬዎች ክርክር ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አቁሟል።

ጎተራው እንዴት ይሠራ ነበር

እህልን በማሽን ኃይል ወደ ላይ አንሥቶ የማከማቸት ዘዴ የተጀመረው በ1842 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ ነው። ጆሴፍ ዳርት የተባለ ነጋዴ ሮበርት ደንባር ከተባለ መሐንዲስ ጋር ሆኖ በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ ጎተራ በወደቡ ላይ አቆመ። እስከዚያ ድረስ እህል ከመርከብ የሚወርደው በሰው ትከሻ ነበር። ዳርት ያደረገው ነገር በዱቄት ወፍጮዎች ውስጥ አስቀድሞ ይታወቅ የነበረውን፣ ጣሳ መሰል መዝገኛዎች የተደረደሩበትን ቀበቶ ለጎተራ ሥራ ማዋል ነው። ጎተራው «ኤሌቬተር» ማለትም «ማንሻ» የሚል ስም ያገኘውም ከዚሁ የተነሣ ነው።

ወደ ምዕራብ ካናዳ ሜዳዎች የደረሰው ዘግይቶ ነው። በማኒቶባ ክፍለ ሀገር ኒቨርቪል በተባለ ቦታ በ1879 ክብ ቅርጽ ያለው ጎተራ ተሠራ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግሬትና ላይ የቆመው ግን ባለ አራት ማዕዘን ነበር፤ የኋለኞቹም ሁሉ የእሱን መልክ ያዙ። በ1885 የካናዳ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ ሐዲድ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ጠረፍ በመያያዙ ሜዳው ለሰፋሪዎች ተከፈተ። ገበሬው በፈረስ ጋሪ እህሉን አድርሶ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ መመለስ ስለነበረበት፣ ከአሥር እስከ አሥራ ስድስት ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት አንድ ጣቢያና ጎተራ ይተከል ነበር። ቁጥራቸው ከፍተኛው ላይ በደረሰበት በ1933 በሦስቱ የሜዳ ክፍለ ሀገሮች 5,758 ጎተራዎች ነበሩ።

ስለ አሠራሩ ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ የክርክሩ ሥር እዚያ ውስጥ ነውና።

ገበሬው ጋሪውን በተዳፋቱ መወጣጫ በኩል ነድቶ ጎተራው ውስጥ ይገባል። ወለሉ ላይ ባስኩል አለ፤ ጋሪው ከነጭነቱ ይመዘናል። ከዚያ የጋሪው ፊት ከፍ ይደረግና እህሉ ከወለሉ ሥር ወዳለው ጉድጓድ ይገለበጣል። ባዶው ጋሪ ዳግመኛ ሲመዘን ልዩነቱ የእህሉ ክብደት ሆኖ ይመዘገባል። የጎተራው ሠራተኛ ናሙና ዘግኖ በመዳፉ ያየዋል፣ ይቆረጥመዋል፣ ደረጃ ይሰጠዋል። ስለ አረም ዘርና ስለ እብቅም ከመቶ ይህን ያህል ብሎ ይቀንሳል። ይህ ካበቃ በኋላ ቀበቶው እህሉን ከጉድጓዱ እየዘገነ እስከ ጎተራው አናት ያወጣዋል፤ ከዚያ በቱቦ እየተመራ እንደ ዓይነቱና እንደ ደረጃው ወደየክፍሉ ይወርዳል። ፉርጎ ሲመጣ እህሉ በራሱ ክብደት በአሸንዳ ይፈስሳል። የፉርጎው በር ጎን ላይ ስለሆነ እህሉ እንዳይፈስ ከውስጥ በኩል ሳንቃ ይመታበታል።

ግድግዳውም እንደ ተራ ቤት ግድግዳ አልነበረም። የተከማቸ እህል እንደ ውሃ ወደ ጎን ይገፋል። ይህን ግፊት ለመቋቋም ጠርቦቹ በጎናቸው እየተጋደሙ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ፣ ጥቅጥቅ ባለ ምስማር ይመቱ ነበር። ሞተሩና ቢሮው ለብቻቸው ራቅ ብለው ይሠራሉ፤ የእህል ብናኝ እሳት ካገኘ ሙሉው ጎተራ በአንድ ሌሊት ይነዳልና። ጥንቁቅ ሞዴል ሠሪ ሞተር ቤቱን ከጎተራው ጋር አጣብቆ አይሠራም።

ሚዛኑ በማን እጅ ነው?

ከላይ እንደተገለጸው ሚዛኑ፣ ደረጃው፣ ከመቶ የሚቀነሰው፣ ዋጋውና የሚጫንበት ቀን በአንድ ጣሪያ ሥር ይወሰኑ ነበር። የጎተራው ባለቤት ገዥው ኩባንያ ሲሆን ሁሉም በአንድ እጅ ገባ ማለት ነው። ገበሬው በዋጋው ካልተስማማ እህሉን ጭኖ ወደሚቀጥለው ጣቢያ መሄድ ይችላል፤ ነገር ግን በበረዶ ወራት፣ በደከሙ ፈረሶች፣ ጠዋት ተነሥቶ ማታ በደረሰበት መንገድ ይህ የአፍ ነጻነት ብቻ ነበር። የሚቀጥለው ጣቢያ ጎተራም ብዙ ጊዜ የዚያው ኩባንያ ነው።

የባቡር ኩባንያው ፖሊሲ ደግሞ ነገሩን አባሰው። ባቡሩ በየጣቢያው ጠንካራ ጎተራ እንዲሠራለት ይፈልግ ስለነበር ለባለሀብቶች አንድ ቃል ገባ፤ ቢያንስ 25,000 ቡሽል የሚይዝና በሞተር የሚሠራ ጎተራ ላቆመ ሰው፣ በዚያ ጣቢያ ከተራ መጋዘን ወይም በቀጥታ ከገበሬ ጋሪ እህል አይጫንም የሚል ነው። አንድ ቡሽል ስንዴ 27 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ 25,000 ቡሽል ማለት 6,800 ኩንታል ያህል ነው። ይህን መገንባት የሚችለው ኩባንያ እንጂ አርሶ አደር አልነበረም። በመሆኑም አገሩ ሰፊ፣ ምርቱ ብዙ፣ የገበያው በር ግን አንድ ሆነ።

ቅሬታው እየበረታ በመሄዱ የካናዳ መንግሥት በ1899 አጣሪ ኮሚሽን አቋቋመ። በ1900 የማኒቶባ የእህል ሕግ ወጣ። ሕጉ ለገበሬው የሰጠው ነገር በወረቀት ላይ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። ገበሬዎች ከጠየቁ የባቡር ኩባንያው የመጫኛ መደብ ሊሠራላቸው ይገባል፤ ገበሬውም ፉርጎ ጠይቆ እህሉን ራሱ መጫን ይችላል። መደቡ ከፉርጎው ወለል እኩል ከፍ ያለ የእንጨት ወለል ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ጋሪው ይወጣበታል፣ ገበሬው በአካፋ ወደ ፉርጎው ይዝቃል። አንዱን የያኔ ፉርጎ ለመሙላት ወደ 1,000 ቡሽል ያስፈልግ ነበር፤ ይህም ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ የጋሪ ጭነት ነው። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ነገር ግን በአካፋ የተጫነው እህል የጎተራውን ሚዛን አያውቀውም፤ ከመቶ የሚቀነሰውንም እንዲሁ።

ሲንታሉታ

በ1901 መኸር ምርቱ ከመጠን በላይ ተትረፈረፈ። ባቡሩ ሊያነሣው አልቻለም፤ ያሉትም ፉርጎዎች ወደ ኩባንያዎቹ ጎተራዎች ይላኩ ነበር። መደቡ ቢኖርም ፉርጎ የሌለው መደብ ከወለልነት አያልፍም። በታኅሣሥ ወር ኢንዲያን ሄድ በተባለች ትንሽ ከተማ ገበሬዎች ተሰብስበው የግዛቲቱን የእህል አምራቾች ማኅበር መሠረቱ። ከጠሪዎቹ መካከል ዊልያም ሞዘርዌልና ፒተር ዴይመን ነበሩ።

ማኅበሩ መጀመሪያ ያስገኘው ውጤት የፉርጎ መዝገብ ነው። በ1902 ሕጉ ተሻሽሎ የጣቢያው ሹም የፉርጎ ጥያቄዎችን በመጡበት ተራ እየመዘገበ በዚያው ተራ እንዲያድል ታዘዘ። ገበሬም ይሁን ኩባንያ ሰልፍ ይይዛል። በዚያው መኸር ግን ሲንታሉታ ላይ ያለው የጣቢያ ሹም ተራውን ትቶ ለጎተራዎቹ ማደሉን ቀጠለ። ማኅበሩ ከሰሰው። ዳኛው ጥፋተኛ ብሎ 50 ዶላርና ወጪውን እንዲከፍል ፈረደበት። የባቡር ኩባንያው ይግባኝ ቢልም በካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታ።

ሃምሳ ዶላር ለባቡር ኩባንያ ምንም አይደለም። በዚያ ሜዳ ለሚኖሩ ሰፋሪዎች ግን፣ አብዛኞቹ ከመጡ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው፣ ጎረቤታቸውን ገና በደንብ ያላወቁ ሰዎች፣ አገሩን የሠራው ድርጅት በሕግ ፊት ሊቆም እንደሚችል ያዩበት ቀን ነበር። የኅብረት ሥራቸው ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከኋለኞቹ ትልልቅ ድርጅቶች ተነሥቶ ይተረካል፤ ይሁንና ከሲንታሉታው መዝገብ መነሣት የበለጠ ትክክል ነው።

ትርፍ ማካፈል ሲያስባርር

የዚያችው የሲንታሉታ ገበሬዎች በ1905 መጀመሪያ ላይ ኤድዋርድ ፓርትሪጅ የተባለ ባልደረባቸውን የእህል ንግዱን እንዲያጠና ወደ ዊኒፔግ ከተማ ላኩት። ፓርትሪጅ ገበያውን አይቶ ተመለሰና ገበሬው ጎተራ ላይ ብቻ ሳይሆን መሸጫው ላይም የራሱ ሰው ያስፈልገዋል አለ። በ1906 የእህል አምራቾች የእህል ኩባንያ ተቋቋመ። በዊኒፔግ የእህል ገበያ ለመሳተፍ የሚያበቃውን መቀመጫ በ2,500 ዶላር ገዝቶ በዚያው ዓመት መስከረም ሥራ ጀመረ።

ሁለት ወር ሳይሞላ የገበያው አመራር ከገበያው አገደው። ጥፋቱ ምን እንደነበር ዛሬ ያለ የኅብረት ሥራ አባል ሲሰማ ይገረማል። ኩባንያው ለአባላቱ ባስገቡት እህል መጠን ትርፍ አካፍላለሁ ብሎ ነበር። ማንኛውም የዩኒየን አባል በተሳትፎው ልክ የሚደርሰውን ድርሻ እንደ ተፈጥሮ መብቱ ነው የሚቆጥረው፤ የዊኒፔግ ነጋዴዎች ግን ኮሚሽንን ለሻጭ መልሶ መስጠት ነው፣ የገበያውን ደንብ ይጥሳል አሉ። ኩባንያው እህል እያለው የሚሸጥበት መቀመጫ አጣ። በዚያ ጭንቅ ወቅት የስኮትላንድ የኅብረት ሥራ የጅምላ ማኅበር እህሉን ከሚገዙት አንዱ ነበር። በመጨረሻ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር መንግሥት ገበያው ላይ ግፊት በማድረጉ በ1907 መቀመጫው ተመለሰለት፤ በተሳትፎ መጠን ማካፈሉን ግን መተው ግድ ሆነበት።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ጎተራውን ማን ይያዝ የሚለው ነው። ሁለት ክፍለ ሀገሮች ሁለት መንገድ ሞከሩ፤ ልዩነታቸውም በተለይ ለመስተዳድር ሰዎች የሚያጓጓ ነው። ማኒቶባ በ1910 ጎተራዎችን በመንግሥት ገንዘብ ገዝታ በመንግሥት ሠራተኞች ማስተዳደር ጀመረች። ሥራው ከሰረ፤ በ1912 ለገበሬዎቹ ኩባንያ አከራየቻቸው። ሳስካችዋን ደግሞ በ1911 የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ጎተራ ድርጅት ሲቋቋም፣ አንድ ጎተራ የሚተከለው የአካባቢው ገበሬዎች ዕጣ ገዝተው ከወጪው 15 በመቶውን ሲከፍሉ ነው፣ ቀሪውን 85 በመቶ መንግሥት ያበድራል ብላ ወሰነች። አሥራ አምስት በመቶው ጥቂት ይመስላል። ሆኖም ገንዘቡን ከኪሱ ያወጣ ገበሬ እህሉን ወደዚያ ጎተራ ያመጣል፤ ሌላው የሠራለትን ጎተራ ግን ዋጋ አማርጦ ያልፈዋል። የሳስካችዋኑ ድርጅት ጸንቶ አደገ። አልበርታም በ1913 በዚሁ መንገድ ተከተለች፤ የእሷ ድርጅትና ፓርትሪጅ የመሠረተው ኩባንያ በ1917 ተዋሕደው የተባበሩት እህል አምራቾች ተባሉ።

ስንዴውን በአንድ ላይ መሸጥ

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የስንዴ ዋጋ በመውደቁ ገበሬዎች ሌላ እርምጃ ወሰዱ። በ1923 አልበርታ፣ በተከታዩ ዓመት ሳስካችዋንና ማኒቶባ «ፑል» የተባሉትን የሽያጭ ማኅበራት ጀመሩ። አባሉ ለአምስት ዓመት ስንዴውን በሙሉ ለማኅበሩ ለማስገባት ውል ይፈርማል። እህሉን ሲያስገባ የመጀመሪያ ክፍያ ይቀበላል፤ የዓመቱ ሽያጭ ሲያልቅ ቀሪው በአማካይ ዋጋ ተሰልቶ ይከፈለዋል። በመኸር የሸጠውም በበጋ የሸጠውም እኩል ያገኛል። የሳስካችዋን ፑል በ1926 የቀድሞውን የኅብረት ሥራ ጎተራ ድርጅት ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ገዛ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ 1,000 የሚጠጉ ጎተራዎች ባለቤት ሆነ።

በ1929 መከራ መጣ። ፑሎቹ ለአንድ ቡሽል አንድ ዶላር የመጀመሪያ ክፍያ ከከፈሉ በኋላ የዓለም ዋጋ ከዚያ በታች ወረደ። ለአባላት የተከፈለው ከተሸጠበት በለጠ። የክፍለ ሀገር መንግሥታት ለባንክ ዋስ ባይሆኑ ኖሮ ሁሉም በፈረሱ ነበር። የጋራ መሸጫቸው ቢዘጋም ጎተራዎቹ ቀሩላቸው፤ ዕዳውንም ለብዙ ዓመታት ከጎተራ ገቢያቸው እየከፈሉ ጨረሱ። ያዳናቸው የሽያጭ ውሉ አልነበረም፤ ሐዲድ ዳር የቆመው እንጨት ነው።

የእነዚህ ጎተራዎች እህል ኢትዮጵያም ደርሷል። በ1983 የካናዳ አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት የእህል ባንክ የሚሠራው ገበሬዎች በሚሰጡት እህል ነው፤ ለጋሹ ገበሬ እህሉን ወደ አካባቢው ጎተራ ወስዶ በባንኩ ስም ያስመዘግባል። በኢትዮጵያ «የሰባ ሰባቱ ድርቅ» ተብሎ በሚታወሰው ጊዜ፣ ማለትም በ1984 እና 1985፣ ከተላከው የካናዳ እርዳታ ውስጥ የዚህ ባንክ ድርሻ ይገኝበታል።

ጎተራዎቹ የት ሄዱ?

መኪናና ጥርጊያ መንገድ ሲስፋፋ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ጎተራ መኖሩ ትርጉም አጣ። ከ1972 ጀምሮ የካናዳ መንግሥት ከላይ የሚሞሉና ከታች የሚራገፉ ትልልቅ የእህል ፉርጎዎችን መግዛት ጀመረ፤ አንዱ 90 ቶን ያህል ይይዛል። ቀጫጭኖቹ የቅርንጫፍ ሐዲዶች ይህን ክብደት አይችሉም። ሐዲዱ ሲነቀል ጎተራው ብቻውን ሜዳ ላይ ይቀራል። የመጨረሻው ምት ከታሪፍ በኩል መጣ። በ1897 ስምምነት የተወሰነውና በኋላ በመንግሥት ድጎማ የቀጠለው ዝቅተኛ የእህል ማጓጓዣ ዋጋ በ1995 ቀረ። ኩባንያዎቹም ከመቶ በላይ ፉርጎ በአንድ ጊዜ የሚሞሉ የኮንክሪት ማከማቻዎችን በጥቂት ቦታዎች ላይ ተከሉ። ከ5,758ቱ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ አዳዲሶቹ የኮንክሪት ግንቦች ናቸው።

በባለቤትነቱ ላይ የደረሰው ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። የሳስካችዋን ፑል ለግንባታ ካፒታል ፍለጋ በ1996 አክሲዮኑን በቶሮንቶ ገበያ ለሕዝብ ሸጠ። የአልበርታና የማኒቶባ ፑሎች በ1998 ተዋሐዱ፤ በ2001 የተባበሩት እህል አምራቾች ተጨመረባቸው፤ በ2007 ይህን ድርጅት የሳስካችዋኑ ገዝቶ ቪቴራ ተባለ። በ2012 ግሌንኮር የተባለው ዓለም አቀፍ ኩባንያ ገዛው፤ በ2025 ደግሞ በንጊ ከተባለው ግዙፍ የእህል ነጋዴ ጋር ተጠቃለለ። አያቶቻቸው አሥራ አምስት በመቶ ያዋጡባቸው ጎተራዎች በዚህ አኳኋን ወደ ውጭ ነጋዴዎች እጅ ገቡ። በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ በቂ ምክንያት ቀርቧል፤ ካፒታል፣ ውድድር፣ ዘመናዊነት። የገበሬዎቹ ብቸኛ ባለቤትነት ያበቃው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ላይ፣ በ1996 ነው። ከዚያ በኋላ የተደረገው ሁሉ የገበያ ጉዳይ ነበር።

በጠረጴዛ ላይ የቀረው

የእንጨት ጎተራ ለማፍረስ ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ማሽን መጥቶ ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ከሰዓት በኋላ አፈሩ ይደለደላል። ማኒቶባ ውስጥ ኢንግሊስ በተባለች መንደር አምስት ጎተራዎች በተርታ ቆመው የብሔራዊ ቅርስ ጥበቃ ተደርጎላቸዋል፤ ሌሎችም እዚህም እዚያም ሙዚየም ሆነዋል። የሞዴል ሠሪዎች ድርሻ ከዚህ ቀጥሎ ሊጠቀስ የሚገባው ነው። ሜትርና ካሜራ ይዘው ሜዳ ለሜዳ የሚዞሩ፣ የጣሪያውን ተዳፋት፣ የአሸንዳውን ርዝመት፣ የበሩን ስፋት ለክተው ንድፍ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። የኩባንያ መዛግብት ስለ ጎተራ የሚያስቀምጡት አቅምና ዋጋውን ነው። የመወጣጫው ሳንቃ በምን አቅጣጫ እንደተመታ የሚያስበው ግን 87 ጊዜ አሳንሶ መሥራት ያለበት ሰው ነው።

ጨዋታቸውም ታሪኩን ሳያውቁት ይደግመዋል። ብዙዎቹ ለእያንዳንዱ ፉርጎ ካርድ ያዘጋጃሉ፤ ካርዱ ላይ የሚሄድበት ቦታና የሚጭነው ነገር ይጻፋል። አንዱ ተጫዋች የጣቢያ ሹም፣ ሌላው የባቡር ነጂ ይሆናል። ሦስት ጎተራ ባለበት ጣቢያ ሁለት ባዶ ፉርጎ ብቻ ሲመጣ ለማን ይሰጥ የሚለውን መወሰን ይኖርባቸዋል። የሲንታሉታው ክስ የተነሣው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነው።

የሁሉም ዓይን የሚያርፈው ግን ረጅሙ ጎተራ ላይ ነው፤ ከሩቅ የሚታየውም፣ ፎቶግራፍ የሚያምርበትም እሱ ነው። የመጫኛውን መደብ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በእርግጥ መደቡ ለዓይን የሚማርክ ነገር የለውም፤ ጣሪያ የለው፣ ቀለም የለው፣ ስም አልተጻፈበት። ይሁን እንጂ በ1902 ለገበሬው የተሰጠው ፉርጎ የመጠየቅ መብት ከፑሎቹም፣ ከጎተራዎቹም፣ ከኩባንያዎቹም ዕድሜ በልጦ በካናዳ የእህል ሕግ ውስጥ ዛሬም አለ። የምዕራብ ካናዳ ገበሬ እስካሁን በራሱ ስም ፉርጎ አዝዞ፣ ጎተራውን አልፎ፣ እህሉን ወደ ወደብ መላክ ይችላል። የሚጠቀሙበት ሰዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት ከፍና ዝቅ ይላል፤ መብቱ ግን አልተሰረዘም።

መደቡን በሞዴል መሥራት የሚፈልግ ሰው ቁመቱን ከ1.4 ሳንቲ ሜትር እንዳያሳልፍ መጠንቀቅ ብቻ ይበቃዋል፤ ከፉርጎው ወለል እኩል መሆን አለበት። ለወለሉ የሚሆነው የክብሪት እንጨት ነው።